ባለ 2 ቶኑ ክሪክ 150 ኪሎ ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ስኩተሬን ራሴ ነው የምጠግነው። ወለል ላይ ተንበርክኬ ስሠራ ወገቤ አላስቀምጥ ስላለኝ ማንሻ ጠረጴዛ በያይጄ ሠራሁ። እንደ መቀስ የሚከፈት ነው። እግሮቹ ከፒን እስከ ፒን 90 ሴንቲ ናቸው። ታጥፎ ሲተኛ በታችኛውና በላይኛው ፒን መካከል ያለው ከፍታ 6 ሴንቲ ብቻ ነው። ስኩተሩ በቀላሉ እንዲወጣ ብዬ ነው ያን ያህል ዝቅ ያደረግኩት። ባለ 2 ቶን የዘይት ክሪክ አስተኝቼ ተንሸራታቹን እግር እንዲገፋ አደረግኩ። ስኩተሩ 110 ኪሎ ነው፤ የጠረጴዛው የላይኛው ክፍል ደግሞ 40 ኪሎ ገደማ። ግን አልነሳ አለ። ከወንድሜ ጋር በብረት ዘንግ ትንሽ ፈንቅለን ስናስጀምረው ከዚያ በኋላ ሰተት ብሎ ይወጣል። 45 ሴንቲ ላይ ደግሞ ያበቃል። ክሪኩ የሚገፋው አግዳሚ ብረትም መሃሉ ላይ ጎብጧል። ባለ 5 ቶን ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ክሪክህ ምንም አልሆነም። ልኮቹን በትክክል ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ፤ ችግሩ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

አንተ 150 ኪሎ እያነሳሁ ነው ብለህ ታስባለህ። ልክ ነህ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው 150 ኪሎ ነው። ክሪኩ ግን ወደ ላይ አይገፋም። ወደ ጎን ነው የሚገፋው። መቀሱ በጣም ተኝቶ ሳለ እግሩን በ1 ሴንቲ ብታስጠጋው ጠረጴዛው ብዙ ሴንቲ ብድግ ይላል። በትንሽ ጉዞ ብዙ ከፍታ ስታገኝ ዋጋውን የምትከፍለው በጉልበት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሜትር ብቻ ይበቃሃል። ወለሉ ላይ በቆመው እግርና በተንሸራታቹ እግር መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ያንን ለከፍታው አካፍል። የወጣውን ቁጥር በክብደቱ አባዛ። ክሪኩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይኸው ነው።

በአንተ ጠረጴዛ እንሞክረው። ከፍታው 6 ሴንቲ ሲሆን በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 89.8 ሴንቲ ነው። 89.8 ለ6 ሲካፈል 15 ይሆናል። 15 በ150 ሲባዛ 2,250 ኪሎ። ባለ 2 ቶን ክሪክ ይህን ሊገፋ አይችልም! የፒኖቹ ሰበቃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አግዳሚው ብረት የጎበጠውም ለዚህ ነው። ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ጉልበት መሃሉን ሲገፋው ምን ያድርግ?

አሁን ፈንቅላችሁ 20 ሴንቲ አደረሳችሁት እንበል። ርቀቱ 87.7 ነው፣ ለ20 ሲካፈል 4.4። የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 660 ኪሎ ወረደ። 45 ላይ ሲደርስ 260 ኪሎ ብቻ ነው። ሰተት ብሎ የወጣው ስለዚህ ነው።

ባለ 5 ቶን ብትገዛ በእርግጥ ይነሳል። ግን ያ ሁሉ ጉልበት በፒኖቹ፣ በብየዳውና በእግሮቹ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ክሪኩ ሲጠነክር የሚሰበረው ሌላው ነው። እኔ ብሆን ጠረጴዛው ከ20 ሴንቲ በታች እንዳይወርድ አደርገው ነበር። ተንሸራታቹ እግር በሚሄድበት መስመር ላይ ሁለት ማቆሚያ ብረት በይድ፣ አለቀ። የጠረጴዛው ፊት ከነፍሬሙ ከወለል 30 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ለስኩተሩ መውጫ 1 ሜትር ተኩል ሳንቃ አዘጋጅለት። 30 ለ150 አንድ አምስተኛ ነው፤ ስለዚህ ስኩተሩን የምትገፋው በ22 ኪሎ ጉልበት ነው። ይህ ለአንተ ምንም አይደለም።

ስታወርደው ግን አንድ ነገር ልብ በል። ወደ ኋላ ሲወርድ ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ ነው። የፊት ፍሬን ብትይዝ ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። የኋላውን ያዝ።

ጎባጣውን ብረት አታቃና፣ ቀይረው። 40 በ60 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ አግድመህ በይድ፤ 60ው ጎን ከግፊቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይሁን። ተንሸራታቾቹ እግሮች ጫፍ ላይ ኩሽኔታ ከሌለ ጨምርላቸው። ፒን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም ቱቦላሬው ላይ ዝም ብለው የተበሱ ከሆኑ ወፍራም ቡሽ (አጭር የብረት ቱቦ) አስገብተህ በይድባቸው። ስስ ብረት ላይ ያለ ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ እንቁላል ይመስላል፤ ያኔ ጠረጴዛው መወዛወዝ ይጀምራል።

ስለተኛው ክሪክም ልንገርህ። የዘይት ክሪክ የተሠራው ቆሞ እንዲሠራ ነው። ሲተኛ ፓምፑ ያለበት ጎን ወደ ታች መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። አብሮት የመጣው ወረቀት አታስተኛው የሚል ከሆነ ግን ፓምፑ ለብቻ የሆነ ሲሊንደር ፈልግ ወይም በረጅም ቪቴ (እየዞረ በሚገፋ ጥርስ ባለው ዘንግ) ተካው። ቪቴ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ዘይት አያፈስም።

45 ላይ ማብቃቱ አያሳስብህ። የክሪክህ ዘንግ 12 ሴንቲ ገደማ ነው የሚወጣው፣ ልክህ ያንን ያሳያል። ክሪኩን ወደ እግሩ አስጠግተህ ከ20 ስትነሳ 48 ትደርሳለህ። የጠረጴዛው ፊት ከወለል 58 ሴንቲ ሆነ ማለት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ማርሚታውም ፍሬኑም ዓይንህ ሥር ነው። ወገብህ የጠየቀህም ይህንኑ ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ቃል ስፈልግ አጣሁ። መቆለፊያ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብለው አይሰለቸኝም።

የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን የሠራሁ ጊዜ እኔም መቆለፊያ አላደረግኩለትም። አንድ ማታ ሞተር ሰቅዬ፣ ከሥሩ የወደቀ ዳዶ ለማንሳት ትከሻዬ ድረስ እጄን አስገብቼ ነበር። ዳዶውን አግኝቼ፣ መብራት አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስመጣ ጠረጴዛው ወለል ላይ ነው። የክሪኩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ሌሊቱን ዘይት ሲለቅ አድሯል። ከሥር ትቼው የነበረው የፕላስቲክ የዘይት ሳህን እንደ ወረቀት ጠፍጥፏል። ክንዴን ያስገባሁበት ቦታ ነበር። እዚያው በር ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ስለዚህ ተንሸራታቹ እግር በሚሄድበት ፍሬም ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ በየ5 ሴንቲው ቀዳዳ ብሳ። ጠረጴዛውን አንሳ፣ ከእግሮቹ ኋላ በሁለቱም በኩል 16 ሚሊ ፒን አስገባ። ከዚያ ክሪኩን አላላው። ክብደቱ ፒኖቹ ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ያን ካላየህ እጅህን ከሥር አታስገባ።

ስኩተሩንም እሰረው። የፊት ጎማውን በመያዣ አጣብቀህ፣ በሁለት ቀበቶ ግራና ቀኝ ወደ ፊትና ወደ ታች ወጥረው። ሾኩ ትንሽ እስኪጨመቅ ይበቃል፣ እስኪሞት አትጨቁነው። የስኩተር ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ሞተሩን ወይም የኋላ ጎማውን ስታወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንዱን ብሎን ከመፍታትህ በፊት የትኛው ወገን እንደሚከብድ አስብና እዚያ ደግፍ። የመሃል ስታንዱ እግሮች ቀጫጭን ናቸው፣ ከሥራቸው ጠንካራ ጣውላ አድርግ።

ሁሉን ከጨረስክ በኋላ ስኩተሩን አትቸኩልበት። መጀመሪያ 165 ኪሎ አሸዋ በጆንያ ጫን፤ የስኩተሩ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አንሳው፣ ቆልፈው፣ እግሮቹ ያሉበትን ቦታ ፍሬሙ ላይ በጠመኔ አስምር። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት መስመሩን ለካ፣ ብየዳዎቹንም በባትሪ አንድ በአንድ እያቸው። ከዚያ ፒኖቹን አውጥተህ፣ በክሪኩ ብቻ ተይዞ ሌላ ሌሊት አሳድረው፤ ያን ጊዜ ሰውም ከብትም አጠገቡ አይድረስ። የሁለቱን ሌሊት ልክ ጻፍልኝ። ሁለተኛው ሌሊት ከወረደ ስንት ሚሊ እንደወረደ ንገረኝና ስለ ጎሚኒው በሚቀጥለው እንነጋገራለን።