ጂራ አለቃህን አያውቅም

«በየማናጀሩ ስር ያለውን ሥራ ጂራ ላይ እንዴት ሪፖርት ላውጣ?» ላልከው፦ ጂራ (የቡድን ሥራ መከታተያ ሶፍትዌሩ) ቲኬቱ፣ ማለትም የተመዘገበው ሥራ፣ የተሰጠውን ሰው እንጂ የሰውየውን አለቃ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማናጀር ግሩፕ ክፈትና ሠራተኞቹን አስገባ። ከዚያ ፊልተር (የሚቀመጥ ፍለጋ) ስትሠራ የግሩፑን አባላት የምታወጣዋን «ሜምበርስ ኦፍ» (membersOf) የምትለዋን ፋንክሽን ተጠቅመህ በግሩፑ ስም ፈልግ፣ ሴቭ አድርገህ ዳሽቦርድ ላይ አውጣው።

አንድ ጣጣ ግን አለው። ፊልተሩ የሚያየው ሰውየው አሁን ያለበትን ግሩፕ ስለሆነ፣ ሰው ቡድን ሲቀይር የድሮ ሥራውም አብሮት ወደ አዲሱ አለቃ ይሄዳል። እኔ የነቃሁት ሪፖርቱን ካቀረብኩ በኋላ ነው፤ አንዷ ማናጀር «ይሄን 40 ቲኬት መቼ ነው የዘጋነው?» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። አሁን ቲኬት ሲዘጋ የማናጀሩን ስም ቲኬቱ ውስጥ ለብቻው ፊልድ ላይ የጂራ አውቶሜሽን (በራሱ የሚሠራ ደንብ) እንዲጽፍልኝ አድርጌያለሁ፣ ሪፖርቱንም ከዚያ ነው የማወጣው። ሪፖርቱን በኤክሴል መሥራቱን ተወው፣ በየሰኞው ኮፒ ፔስት ስታደርግ ትከርማለህ።