ጃፓንኛ ልትጀምሪ ከሆነ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሪ

«እንግሊዝኛ ደህና እችላለሁ፣ ጃፓንኛ ስጀምር ይጠቅመኛል ወይስ ያደናግረኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ የተደናገርኩት እኔ ነኝ። ደሴ ተወልጄ ላሊበላ አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ ነው ጃፓንኛ የጀመርኩት። መጽሐፌ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ግሱን መሀል ላይ እየሰነቀርኩ ስንት ወር ተንገላታሁ።

ኋላ ነው የገባኝ። ጃፓንኛ ግሱን እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ሚዙ ኦ ኖንዳ» ማለት «ውሃውን ጠጣ» ነው፤ «ሚዙ» ውሃ፣ «ኖንዳ» ጠጣ፣ «ኦ» ደግሞ የኛዋን «ን» ሥራ ትሠራለች። «ኪኖ ኪታ ሂቶ»ን ቃል በቃል ገልብጪው፦ «ትናንት የመጣ ሰው»። «ታቤቴ፣ ኖንዴ፣ ኢታ» ደግሞ «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሄደ»። እኔን በጣም የገረመኝ «ታቤቴ ሚሩ» ነው፤ «ሚሩ» ማየት ነው፣ ልክ እኛ «እስቲ ቀምሼ ልየው» እንደምንለው። «ዝናብ ዘነበብኝ» ስንል ያለችዋን «ብኝ» ለፈረንጅ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አበሳ ነው፤ ጃፓኖች ግን «አሜ ኒ ፉራሬታ» ብለው ያቺኑ ምሬት ይናገሯታል። «አልበላሽም?» ሲሉሽም እንደኛው «አዎ፣ አልበላሁም» ነው መልሱ። እንግሊዝኛ ቢሆን «ኖ» ማለት ነበረብሽ።

ሁሉም አንድ ነው እያልኩሽ አይደለም። የኛ ግስ ማን እንዳደረገው ራሱ ይናገራል፤ «ኢታ» ግን ሄድኩም፣ ሄድሽም፣ ሄዱም ነው፣ ከወሬው ነው የምትለዪው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ የድምፅ ጽሕፈቶች መሠረታዊ ፊደላቸው 46፣ 46 ስለሆነ ሀሁ ለቆጠረ ሰው አይከብዱም። ካንጂ የሚሉት ከቻይና የተወሰደው የቃል ምልክት ግን ለዕለት ንባብ ተብሎ በመንግሥት የተዘረዘረው ብቻ 2,136 ነው። እኔ ሩቡንም አላውቅ።

ጉድ የሆንኩት ጭውውቱ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ቱሪስት «አናታ» አልኳቸው፣ መጽሐፉ «ዩ» ማለት ነው ይላላ! እኛ ጋ «አንቱ» የሚባል አባት ፊት ቆሞ «አንተ» እንደማለት ነው። ስማቸውን ጠርቼ «ሳን» የምትለዋን የአክብሮት ቃል ብጨምርበት ይበቃ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ነገ በበቅሎ አሸተን ማርያም እንውጣ ብዬ ሳስረዳ እንግዶቼ «ሃይ፣ ሃይ» ይሉኛል። «እሺ» መሰለኝና በቅሎ ተከራየሁ። ለካ እንደኛ «እህ» ነው፣ እየሰማንህ ነው ማለት። ጠዋት በቅሎዎቹን ሲያዩ አንዷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ቾቶ...» ብላ ዝም አለች። «ቾቶ» ትንሽ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቀሪውን አይጨርሱትም፣ አንቺ ነሽ የምትጨርሺው። እኔም «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» እየተባለ እምቢታ ሲነገር ያደግኩ ወሎዬ ነኝና እሷስ ወዲያው ገባችኝ። የበቅሎውን ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ።