ይጠይቁ፦ ስንት ነን? ምን ያህልስ እናገኛለን?

ጥያቄ፦ በዲቪ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር መጥቼ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ሠርቻለሁ። እዚህ ኤርፖርት ውስጥ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። አሜሪካ ውስጥ ስንት እንደሆንን ስፈልግ አንዱ 251 ሺህ፣ ሌላው ከ325 ሺህ በላይ ይላል። የትኛው ነው ትክክል? የተማረ ስደተኛ ከአገሬው ተወላጅ እኩል ያገኛል የሚልም አንብቤ ተናድጃለሁ። ደግሞ ሰሞኑን ከሕዝብ ቆጠራ (ሴንሰስ) ቢሮ “አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ” የሚል ወፍራም ፖስታ መጣልን። ባለቤቴ “ጣይው፣ ጣጣ ያመጣብናል” ይላል። ምን ላድርግ? (ከአውሮራ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፖስታውን እንዳትጥይው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። 251 ሺህ የሚለው ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የሚባል የጥናት ተቋም በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ያወጣው ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንንም ይጨምራል። 325 ሺው ደግሞ ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ የተገኘ ነው። በዚያ ቆጠራ “ጥቁር” የሚለውን ሳጥን ለመረጠ ሰው ከየት እንደመጣ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ነበር። ለምሳሌ ከተጠቀሱት አንዱ “ኢትዮጵያዊ” የሚለው ነው። የተቆጠረው የጻፈ ሰው ነው። ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ ባዶውን ቦታ ያለፈው በኢትዮጵያዊነት አልተቆጠረም። ስለዚህ ሁለቱም ውሸት አይደሉም። አንደኛ፣ የተለያየ ዘመን ናቸው። ሁለተኛ፣ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

በጠቅላላው የምንኖርበት አገር ስደተኛ ብዙ ነው። በ2023 ውጭ አገር የተወለደው ነዋሪ 47.8 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከመቶ 14.3 ማለት ነው። በ1970 ከመቶ 4.7 ብቻ ነበር። በመካከሉ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከአውሮፓ ውጭ ላለው ሰው ከፈተ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል የወጡ ብዙ ወገኖቻችንን አስገባ። የ1990ው ሕግ ደግሞ ያንቺን ዲቪ አመጣ። ያም ሆኖ ከመላው አፍሪካ የመጣነው ከስደተኛው ከመቶ 6 ገደማ ብንሆን ነው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ሜክሲኮ የተወለደ ነው።

አሁን ወዳናደደሽ ነገር እንምጣ። በ2023 ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ስደተኛ መካከለኛ የሳምንት ደመወዙ 987 ዶላር ነበር። እዚህ የተወለደው 1,140 ያገኝ ነበር። ዲግሪ ያላቸውን ብቻ ስንለይ ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ያነበብሽው እሱን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ አንቺን ግን አያሳይም። በዚያ ስሌት ውስጥ ኩባንያው ቪዛ አሠርቶ ያመጣው የሕንድ ኢንጂነር አለ። እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማረ አለ። እነሱ ሲመጡ ወይም ሲመረቁ የሚቀጥራቸው ሰው ይጠብቃቸዋል። ዲቪ የደረሰው ሰው የሚጠብቀው ዘመድ ነው፤ ያውም ካለ። ዘመዱ ደግሞ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሚያሳየው። በዚህ ምክንያት ዲግሪያቸውን የማይመጥን ሥራ የሚሠሩ ወይም ሥራ ያጡ ስደተኞች ወደ ሁለት ሚሊዮን እንደሚደርሱ ያው ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ገምቷል። መናደድሽ ትክክል ነው።

እኔ በታክስ ወቅት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሐበሻ ታክስ እሞላለሁ። ከፊቴ የሚቀመጠው ወረቀት ከስታቲስቲክሱ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል። የተለመደውን ልንገርሽ። ባል ሁለት ደብሊው ቱ፣ ማለትም ቀጣሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት፣ ያቀርባል። አንዱ የቀን ሥራው ነው፣ ሌላው የማታ ፓርኪንግ። ከዚያ ላይ የቅዳሜና እሑድ ኡበር የቴን ናይንቲ ናይን (በግል የተሠራ ሥራ ገቢ) ወረቀት ይጨመራል። ሚስት አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች። ሲደመር “የቤተሰብ ገቢ” ተብሎ ደህና ቁጥር ይወጣል። ያንን ቁጥር ያመጡት ስንት ሰዓት ሠርተው እንደሆነ ግን የትም አይጻፍም።

ሌላም የማይጻፍ አለ። “እናቴን ጥገኛ አድርጊልኝ፣ በየወሩ እልክላታለሁ” ይሉኛል። እናትየው ደሴ ናት። ሕጉ ጥገኛ የሚለው አሜሪካዊ ዜጋን ወይም አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ የሚኖርን ነው። ደሴ ያለች እናት አትገባም። የተላከላትም ብር ከታክስ አይቀነስም። ይህን በነገርኳቸው ቁጥር ፊታቸው ሲለዋወጥ አያለሁ። በወረቀት ላይ ቤተሰቡ አራት ሰው ነው፤ በዚያ ገቢ የሚኖረው ግን ሰባት ስምንት ሊሆን ይችላል። ስለ እኛ ገቢ የሚወጣ አኃዝ ስታነቢ ይህን አትርሺ።

ላንቺ ደግሞ ቀጥታ ልንገርሽ። ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ለመሆን ረጅም መንገድ ነው፤ ፈተና አለው፣ የስቴቱ ፈቃድ አለው። የሒሳብ መዝገብ ለመያዝና ደመወዝ ለማዘጋጀት ግን ፈቃድ አያስፈልግሽም። ዲግሪሽን አስገምግሚ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ኩዊክቡክስ የተባለውን የሒሳብ መያዣ ፕሮግራምና የአሜሪካን ታክስ ተማሪ። ከዚያ ያለሽበት መሥሪያ ቤት የፔይሮል (ደመወዝ አዘጋጅ) ሠራተኛ ሲፈልግ አመልክቺ። ባንክ የሠራሽውን ዘመን ሲቪሽ ላይ በደንብ አብራርተሽ ጻፊ፤ ብዙዎቻችን እሱን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን።

ፖስታው ላይ ባለቤትሽ የፈራው ይገባኛል። የመንግሥት ወረቀት የሚያስፈራበት አገር ነው ያደግነው። ይህ ሰርቬይ ግን በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ አድራሻዎች የሚላክ ነው። መመለስ በሕግ ግዴታ ነው። ሕጉ ቢሮው ያንቺን ስምና መልስ ለኢሚግሬሽንም፣ ለታክስ መሥሪያ ቤትም፣ ለፖሊስም እንዳይሰጥ ይከለክላል። በምን ቪዛ መጣሽ ብሎ አይጠይቅም፤ የሃይማኖት ጥያቄም የለበትም። የት እንደተወለድሽ፣ መቼ እንደመጣሽ፣ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደምትናገሩ፣ ምን ያህል እንደምታገኙ ይጠይቃል። አማርኛ እንናገራለን ብላችሁ ጻፉ።

ትምህርትን የሚመለከተው ጥያቄ ላይ ስትደርሺ “እዚህ አይሠራም” ብለሽ አትዝለይው። ዲግሪ አለኝ በይና በምን እንደተመረቅሽ ሲጠይቅሽ አካውንቲንግ ብለሽ ሙዪ። ሥራ የሚለው ላይ ደግሞ ኤርፖርት ምግብ ቤት የምትሠሪውን እንዳለ ጻፊ። እነዚያ ሁለት ሚሊዮን የተባሉት ሰዎች የተገመቱት በዚሁ ሰርቬይ ከተሰጡ እንዲህ ካሉ መልሶች ነው።