እሳቱ ለብቻው፣ ግድግዳው ለብቻው

«ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። የአገሩን ብርድ ታውቀዋለህ። አምና እንግዶች ማታ ማታ ዙሪያውን ተቀምጠው እንዲሞቁበት ብዬ ግቢ ውስጥ የድንጋይ ማንደጃ አሠራሁ። ድንጋዩ ከቦርከና የመጣ ክብ ክብ ነው፤ ጀርባው ብሎኬት፣ ጭስ ማውጫው ባለ 15 ሴንቲ ሜትር የብረት ቱቦ። አፉ 90 በ70 ይሆናል። በሁለተኛው ምሽት አንዱ ድንጋይ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ፤ ፍንጣሪው የልጅ ልጄን ግንባር ጫረው። ጭሱ ወደ ሰው ይመለሳል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መሃሉ ተሰንጥቆ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። በሲሚንቶ ባስለስነው ይበቃዋል?»

እትዬ፣ የልጁን ዓይን ላተረፈ ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። አያስለስኑት። ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት፤ እስከዚያ ክብሪት አይጫሩበት።

ከድንጋዩ ልጀምር፣ ሰው የሚጎዳው እሱ ነውና። የወንዝ ድንጋይ ውሃ ውስጥ የኖረ ነው፤ ከላይ ደረቅ ቢመስልም በስንጥቁና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ይዟል። ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ውሃ ሳለ ከያዘው ቦታ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ሰብሮ ይወጣል። ስለዚህ እሳት በሚነካው ቦታ ላይ አንድም የወንዝ ድንጋይ አይግባ።

ሲሚንቶውም ቢሆን ለዚያ ቦታ አልተፈጠረም። የሚጠነክረው ውሃን ከራሱ ጋር አስሮ ነው፤ ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሲያልፍ የታሰረው ውሃ በብዛት ይለቀቅና ቅልቅሉ እንደ አመድ ይፈረፈራል። የእንጨት ፍም ደግሞ 600ን በቀላሉ ያልፋል። ብሎኬቱም ሲሚንቶ ነው፤ ዕጣው ያው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ማንደጃ ሁለት ቤት ነው። ውስጠኛው ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ውጪኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆማል። ሁለቱን በአንድ ቅልቅል ካሰሯቸው ውስጠኛው ውጪኛውን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እኔም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሐይቅ ከተማ ለአንድ ቤተሰብ አስሬ ሠርቼ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። አፍርሼ በራሴ ወጪ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሳልተው ገንብቼ አላውቅም። ሲገነባ ካርቶን ይጋረድበታል፤ ካርቶኑ በኋላ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ክፍተቱ ይቀራል። ግንበኛው «ባዶ ከሚሆን ልሙላው» ካለ አይፍቀዱለት። ላዩ ብቻ ዝናብ እንዳያስገባ ይከደን።

ውስጡን በእሳት ጡብ ያሠሩት። ካላገኙ በደንብ የበሰለና ቀዳዳ የሌለው ሸክላ ጡብ ይሆናል፤ ሁለቱን ሲያጋጩ እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ይምረጡ፤ ድፍን ድምፅ ያለው ጥሬ ነው። ማያያዣው የሸክላ ሠሪዎች አፈርና የተወቀጠ ገል ይሁን፤ አንድ እጅ አፈር፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ገል። ገሉን ከአሸዋ የማስቀድመው እሳት አንዴ ስላለፈበት ነው፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ላይ በድንገት ያብጣል። በቡጢ መጠን ድቡልቡል አድርገው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ከተሰነጠቀ ገል ይጨመር፤ በጣት ሲነካ ከረገፈ አፈር ይጨመር። በጡቦቹ መካከል ያለው ጭቃ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ጭድ አይግባበት፤ ተቃጥሎ ቀዳዳ ይተዋል። ዋልካውንም አይንኩት፣ ሲደርቅ እጅግ ይኮማተራል።

ያዘነበለውም በዚሁ ዋልካ ይመስለኛል። ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አብሮት ይነሳል ይወርዳል። ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅና ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ያስቆፍሩ። በጠጠር ተጠቅጥቆ ይሞላና ፌሮ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር አርማታ ይፈሰስበት። የጣራው ውሃ ወደዚያ እንዳይወርድ ቦይ ይቀየስ።

ወደ ጭሱ እንምጣ። የማንደጃዎ አፍ 90 በ70 ከሆነ 6,300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የቱቦው ቀዳዳ ግን 177 ገደማ ብቻ። የጭስ ማውጫ ስፋት ከአፉ ቢያንስ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት ይባላል፤ የእርስዎ አንድ ሠላሳ አምስተኛም አይሞላም። ጭሱ የት ይሂድ? ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ እኔ እዚህ አንድ ስምንተኛ እሰጣለሁ። ውስጡ 28 በ28 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጡብ ጭስ ማውጫ ልክ ይመጣልዎታል። ከማንደጃው ወለል እስከ ጫፉ 3 ሜትር ይድረስ፤ 3 ሜትር ዙሪያው ውስጥ ካለ ጣራም ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። የማንደጃው ጥልቀት ከ45 እስከ 50 ይበቃል፤ ከዚያ ከጠለቀ ሙቀቱ ለሰው አይደርስም። ከአፉ በላይ የሚጋደመው ብረት በሁለቱም ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር መላወሻ ይተውለት፣ እሱም ያብጣልና።

አፉን ወደ የት እንደሚያዞሩ ለመወሰን ሦስት አራት ምሽት እሳቱ በሚነድበት ሰዓት አንድ እፍኝ ጭድ አጭሰው ነፋሱን ይዩ። ከቤቱ 3 ሜትር፣ የሣር ክዳን ወይም ዳስ ካለ ደግሞ ከዚያ በእጥፍ ይራቅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከላዩ ተንጠልጥሎ ከሆነ ይቆረጥ። ከጭስ ማውጫው አናት ላይ ብልጭታ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ይደረግ፤ ዓይኑ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፣ ከጠበበ በጥላሸት ይደፈናል።

ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ያስጀምሩ። ሲያልቅ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይድረቅ። እንግዳ ቢመጣም አይቸኩሉ፣ እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ በጭራሮ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምረው፣ እንዲህ እያሉ በሳምንት ወደ ሙሉ እሳት ይድረሱ። ከበልግና ከክረምት ዝናብ በኋላም እንዲሁ በጭራሮ ይመለሱበት።

ቤንዚን በጭራሽ አይቅረብ። እንግዳ በረደው ተብሎ ዙሪያው በሸራ አይጋረድ፤ ከፍም የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። አመዱ በብረት ባልዲ ተከድኖ ከቤት ርቆ ይቀመጥ፤ ውስጡ ያለ ፍም ቀናት ሊቆይ ይችላል።

የቦርከናዎቹን ድንጋዮች ግን አይጣሏቸው። ለአበባው መደብ ዙሪያ ያምራሉ።