ሴንሰሩ ተቃጥሏል ወይስ ቀዝቅዞ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ፣ ቪትዝ ነው የምነዳው። ቼክ ኢንጂን በርቶብኝ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ልጁ ኦክስጅን ሴንሰሩን ፈቶ በሲግናል ሽቦውና በብረቱ መሀል ቴስተር አስገባና "ምንም አያሳልፍም፣ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ" አለኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ ውስጡ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው ይላል። ሴራሚክማ እንደ ሲኒ ነው እኮ፣ መጀመሪያውኑስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን ለጊዜው ያዘው። ልጁ ያየው ነገር ጤነኛ ሴንሰር ላይም ይታያል። ዚርኮኒያ ሲቀዘቅዝ እንዳልከው ሲኒ ነው፣ ሥራ የሚጀምረው 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው (የአዳማ ሙቀት እንኳ አይበቃውም)። ሲግልም እንደ መዳብ ሽቦ ኤሌክትሮን አይደለም የሚያሳልፈው፣ የኦክስጅን አዮን (ቻርጅ ያለው የኦክስጅን አቶም) ራሱ ነው በውስጡ የሚሄደው።

እንዴት ይሄዳል ካልክ ነገሩ ያለው ክሪስታሉ ላይ ነው። ንፁህ ዚርኮኒያ እንዲሁ ሲቀመጥ የአቶሞቹ ድርድር ዘመም ያለ ነው፣ 1170 ዲግሪ አካባቢ ቅርፁን ይቀይራል፣ 2370 አካባቢ ደግሞ ኩብ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ዘመሙ ሲመለስ ያብጥና ይሰነጠቃል። ለዛ ነው ይትሪያ የሚባል ሌላ ኦክሳይድ የሚደባለቅበት፣ ያኔ ኩቡ ቀዝቅዞም አይፈርስም። ደግሞ ዚርኮኒየም ቻርጁ 4 ነው የይትሪየም 3፣ ስለዚህ ሁለት ይትሪየም በገባ ቁጥር አንድ የኦክስጅን ቦታ ባዶ ይቀራል። ጢም ያለ ሚኒባስ ውስጥ ማንም ንቅንቅ አይልም አይደል፣ አንድ ሰው ሲወርድ ግን ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ አንዱ ሲጠጋ ሌላው ሲጠጋ ባዶዋ ቦታ ከኋላ እስከ በሩ ትመጣለች፣ ኦክስጅኑም እንደዛ ነው፤ ኩቡ ውስጥ ወንበሮቹ እኩል ስለሆኑ ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል ይቀላል፣ ለመዝለያው ጉልበት የሚሰጠው ሙቀቱ ነው። ይትሪያውን ብናበዛውስ? አይሆንም፣ በሞል (በክብደት ሳይሆን በቅንጣት ቁጥር ሲቆጠር) 8 ፐርሰንት አካባቢ ነው ጥሩው፣ ከዛ ሲያልፍ ባዶ ቦታዎቹና ይትሪየሙ ይያያዙና መተላለፉ ይቀንሳል።

አሁን ወደ መኪናህ። ሴንሰሩ ቀዝቅዞ በኦም የሚለካው ሂተሩ (ውስጡ ያለው ማሞቂያ) ብቻ ነው፣ እሱ ከተበጠሰ በእርግጥም ይቀየር። ሲግናሉን ግን ሴንሰሩ ቦታው ገብቶ ሞተሩ ሲግል በቮልት እዩት፣ ከ0.1 እስከ 0.9 አካባቢ ቶሎ ቶሎ ከወጣ ከወረደ ደህና ነው። ኤር ፊውል የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን በዚህ አትፍረድ፣ በስካነር ነው። የጭስ ቱቦው ከሴንሰሩ በፊት ተቀዶ ከሆነም አየር ይገባና ሴንሰሩን ያሳስተዋል፣ እሱን መበየድ ከአዲስ ሴንሰር ይረክሳል።