ትልቅ የውሻ ትርዒት ለማየት ለምትሄዱ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ዛሬ ጎንደር ያለን ውሻ ወዳጆች ጥያቄያችንን ይዘን የመጣነው እንስሳት ሐኪማችን ጋ ነው። እንግሊዝ ሲማሩ ክራፍትስ የሚባለውን ትልቅ የውሻ ትርዒት በተመልካችነት አይተዋል። ዘመድ ጥየቃ ወደዚያ የምትሄዱ አላችሁና እዚሁ ጽፋችሁ ጠይቋቸው፣ ጠያቂውን በሰፈሩ ስም እንጠራዋለን።

ሐኪሙ፦ ሰላም ናችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ ባለቤቱን ሳትጠይቁ ውሻ አትንኩ። በቃ፣ ቀጥሉ።

የአዘዞዋ፦ ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ? የት ነው የሚካሄደው? ስንት ቀን ነው?

ሐኪሙ፦ በርሚንግሃም፣ ኤንኢሲ በሚባል ግዙፍ የኤግዚቢሽን ማዕከል። በፈረንጆቹ ማርች ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ አራት ቀን። ቻርልስ ክራፍት የሚባል ሰው በ1891 ለንደን ላይ ጀመረው፣ ከ1991 ወዲህ በርሚንግሃም ነው (በእነሱ አቆጣጠር)። ልብ በይ፣ ሁሉም ዝርያ በየቀኑ አይቀርብም። በሰባት ምድብ ተከፍለው ቀን ቀን አላቸው። የምትወጂው ዝርያ መቼ እንደሆነ ሳታዪ ትኬት እንዳትቆርጪ።

ማራኪ፦ የሁሉ የበላይ የሚመረጠው እሑድ ማታ አይደል? እኔ እሱን ብቻ ባይ ይበቃኛል።

ሐኪሙ፦ አይበቃህም! እሱን በቴሌቪዥንም ታየዋለህ። ዋናው ነገር ያለው ቀን ላይ ነው፣ ዝርያ በዝርያ የሚዳኝባቸው ትንንሽ ሜዳዎች ዳር። አንዱን ምረጥና ቁጭ በል። ከዚያ ዓይንህን ከዳኛዋ እጅ አትንቀል። ትንሽ ውሻ ጠረጴዛ ላይ ይቆምላታል፣ ትልቁ መሬት ላይ። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ጥርሱ እንዴት እንደገጠመ ታያለች፣ ጣቷ በትከሻው አጥንት ወርዶ ጎድኑን ይዳስሳል፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጡ መውረዱን ሳታረጋግጥ አታልፍም። ጸጉር ብዙ ጉድ ይሸፍናል፣ እጅ ግን ያገኘዋል። ቀጥሎ አስኪደው ትለዋለች። ሲሄድ ከኋላ፣ ሲመለስ ከፊት፣ ሲዞር ከጎን ታየዋለች። የፊት እግሮቹ ቀጥ ብለው ይመጣሉ ወይስ ይጠላለፋሉ? ጀርባው ሲሮጥ ይረጋል ወይስ ይዋዥቃል? አንተም አብረህ እይ። ደግሞ እያንዳንዱ ውሻ የሚመዘነው ለዝርያው ከተጻፈው መስፈርት አንጻር ነው። «ያ ቆንጆው ለምን ወደቀ» ብለህ ከመናደድህ በፊት መስፈርቱን አንብብ፣ አዘጋጁ ኬኔል ክለብ ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው መደቡ ነው። ክራፍትስ ላይ ውሾቹ ሜዳ በማይገቡበት ሰዓት በየዝርያቸው በተዘጋጀላቸው መደብ ላይ፣ ከባለቤታቸው ጋር ይቀመጣሉ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ በሽታው አርቢውን ፊት ለፊት የምትጠይቀው እዚያ ነው። ግን ውድድሩን ጨርሶ ሲመለስ ጠይቀው። ከመግባቱ በፊትማ ማበጠሪያ ይዞ ጭንቅ ውስጥ ነው ያለው።

ሳሙና በር፦ የራሴን ውሻ ይዤ ብሄድስ?

ሐኪሙ፦ አይገባም። የሚገባው ለትርዒቱ የተመዘገበ ውሻ ነው። ከኢትዮጵያ እንግሊዝ ማስገባቱም ራሱ ጣጣ ነው፦ ማይክሮቺፕ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ከዚያ ሦስት ወር መጠበቅ። ለጉብኝት አያዋጣም።

ቀሃ፦ ዶክተር፣ ምን ይመክሩኛል?

ሐኪሙ፦ ስለ ምኑ? እንዲህ ስትጠይቁኝ ምን ልበል? ስለ ጫማ ከሆነ የተላመድከውን አድርግ፣ አዳራሾቹ ሰፋፊ ናቸው። ስለ ምግብ ከሆነ ሳንድዊችህን ዝቅ አድርገህ አትያዝ፣ የውሻ አፍንጫ እዚያው ነው ያለው።

የፒያሳው፦ ይቅርታ ግን፣ እዚህ ውሻው በየጥጉ ተርቦ እያደረ ስለ ቁንጅና ውድድር እናወራለን?

ማራኪ፦ ውሻ ቦታው ደጅ ነው። እናቴ በረንዳም አታስወጣው።

የአዘዞዋ፦ እኛ ቤት ዝናብ ሲሆን ይገባል። ምን አለበት?

ማራኪ፦ ጸሎት የሚደረስበት ቤት አይደል እንዴ?

የአዘዞዋ፦ ታዲያ ፈጣሪ የፈጠረው አይደል? ውጭ ይበስብስ?

ሐኪሙ፦ ሰዎች፣ ይሄ ክርክር በሌላ ቀን። የፒያሳው ያነሳው ግን ቁም ነገር ነው። ደጅም ይደር ቤት፣ ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከወጣ አይድንም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጠበል ቢሄድም ተከትቦ ይሂድ። ደግሞ ሰውን ብቻ አይደለም። ሰሜን ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። ከውሻ የሚጋባበት ይኸው በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ደባርቅ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፣ ያልተከተበ ውሻ ከከብት ጋር ወደ ፓርኩ አይውጣ። በዚህ ነገር አልታክትም።

ሳሙና በር፦ የእኛ አበሻ ውሻስ ለምን አይወዳደርም?

ሐኪሙ፦ የዘር መዝገብ ስለሌለው። የአባት የእናቱ ትውልድ ተጽፎ መያዝ አለበት፣ መስፈርትም ያስፈልገዋል።

ቀሃ፦ ውሾቹን መንካት ይቻላል?

ሐኪሙ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብብ። ባለቤቱን ጠይቅ! ከፈቀደልህ እጅህን ያሽትትህ፣ ከዚያ ደረቱን እሸው። ከአናቱ በላይ እጅ አትስደድ። እንቅልፍ ላይ ያለውን ተወው።

የአዘዞዋ፦ ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ሐኪሙ፦ ጥሩ ነው። ዲስከቨር ዶግስ የሚባል ክፍል አለ፣ ብዙ ዝርያ በአንድ ቦታ ቀርበው ያያሉ። ልጆቹ ግን ሳይጠይቁ እንዳይነኩ።

የፒያሳው፦ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉት ውሾች ሲተነፍሱ የሚያንኮራፉት ጤና ነው?

ሐኪሙ፦ አይደለም። ብዙ ሰው ያምርበታል ይላል፣ ለእኔ ግን አየር ያጠረው እንስሳ ነው። ፊቱ አጥሮ ውስጡ ያለው ሥጋ አልቀነሰም፣ ስለዚህ የአየር መንገዱ ይጠብባል። ለእነ ፐግና ቡልዶግ ከ0 እስከ 3 ደረጃ የሚሰጥ የትንፋሽ ምርመራ አለ፣ 0 ጤነኛው ነው። መደቡ ጋ ስትደርስ አርቢውን ስንት እንዳገኘ ጠይቀው። አስመርምሮ ከሆነ ቁጥሩን ይነግርሃል።