ወደ ታይላንድ ስለሚሄደው የእንስሳት እርዳታ ጉዞ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ እንደ ድሬ ሰው «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ሐረር ተወልደሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትማሪያለሽ። ስምንት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ የበጎ ፈቃድ ጉዞ ወደ ታይላንድ አግኝተሻል። ከአውሮፕላን ትኬቱ ሌላ 1,700 ዶላር ይጠይቃል። ማስታወቂያው «ዝሆን ታጥባላችሁ፣ የጎዳና ውሾችን ታክማላችሁ» ይላል። ልክፈል ወይስ ልተወው፣ ሕክምናውን በእጄ ያሠሩኛል ወይ፣ እናቴንስ ምን ብዬ ላሳምናት ነው ያልሽው።

ድሬዳዋ ውስጥ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። እኔ የሄድኩት ታይላንድ ሳይሆን ኬንያ፣ ላሙ ደሴት ነው፤ እንደ አንቺው ከፍዬ፣ በትንሽ ቡድን። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የዝሆኑን ነገር ልጨርሰው፤ መልሴ አጭር ነውና። ማስታወቂያው እንዳለ ከሆነ አትክፈይ።

ዝሆን ራሱን ማጠብ ያውቅበታል። ከውኃ እንደወጣ አቧራ በላዩ የሚነሰንሰውም ቆዳውን ከፀሐይና ከነፍሳት ለመከላከል ነው። በየቀኑ የማያውቀው ሰው እየተፈራረቀ የሚፈትገው ዝሆን ለእንግዳ እንዲገዛ በግድ የተገራ ዝሆን ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ከደን ዛፍ መቁረጥን ስትከለክል ግንድ ይጎትቱ የነበሩ ዝሆኖች ከነጠባቂዎቻቸው ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹ ወደ ቱሪስት ንግዱ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ያ ንግድ «ማዳን» የሚል ካባ ደርቧል። ጉዳቱ ለእንስሳው ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አንዲት ስፔናዊት ወጣት እዚያው ታይላንድ ዝሆን ስታጥብ ተወግታ ሞታለች። የደቡብ አፍሪካውም ተመሳሳይ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች «ወላጅ አልባ ናቸው» ተብለው በጡጦ ያሳደጓቸው የአንበሳ ደቦሎች አድገው አጥር ውስጥ ለአዳኝ የተሸጡበት ጊዜ አለ። ከዚህ ጋር ናይሮቢ ያለውን፣ ሼልድሪክ የተባለው ድርጅት ወላጅ አልባ የዝሆን ግልገሎችን የሚያሳድግበትን ቦታ አስተያዪው። እዚያ ጡጦውን የሚይዙት፣ ሌሊትም ከግልገሎቹ ጋር የሚያድሩት ቋሚ ጠባቂዎች ናቸው፤ ጎብኚ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ያያል።

የውሻው ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። ፉኬት በምትባለው የታይላንድ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሶይ ዶግ የተባለ ድርጅት የጎዳና ውሾችንና ድመቶችን እያመከነና እየከተበ ቁጥራቸውን መቀነስ ዋና ሥራው ነው። በጎ ፈቃደኛው እዚያ የሚያደርገው ውሻ ማንሸራሸር፣ ሰው የሚፈራውን እንስሳ አጠገቡ ተቀምጦ ማለማመድ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ደህናው ጉዞ እንደዚህ ነው የሚመስለው።

ላሙም እንደዚያው ነበር። ከናይሮቢ የምትነሳው ትንሿ አውሮፕላን ማንዳ በምትባል ደሴት ታወርድሻለች፤ ከዚያ በጀልባ ነው። ከተማዋን ሳያት የጀጎል ሰው ያልሆንኩት ሰውዬ እንኳን ጀጎል ነው የታወሰኝ፦ ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋጉ ቤቶች፣ ሁለት ሰው በጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ በየአቅጣጫው አዛን። ሁለቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፤ ላሙ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሐረር በ2006። መኪና ስለማይገባ አሸዋውንም፣ ሲሚንቶውንም፣ የግንባታ ድንጋዩንም የሚሸከመው አህያ ነው። እንግሊዝ አገር የተመሠረተው የአህዮች መጠለያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እዚያ በነጻ ያክማል። እኛ የሄድነው በሌላ አነስተኛ አዘጋጅ በኩል፣ አንድ ሐኪምና ጥቂት ረዳቶች ካሉት ክሊኒክ ነበር።

ሥራችን ምን ነበር? ፍግ መጥረግ፣ ውኃ መቅዳት፣ ቁስል የሚታጠብበትን የጨው ውኃ ማፍላት፣ አህያውን አንገቱን ይዞ መቆም፣ መዝገብ መጻፍ። የሚመጡት በአብዛኛው ጀርባቸው የተላጠ፣ ሰኮናቸው ሳይከረከም አድጎ የተጣመመ፣ አንዳንዴም ፌስታል በልተው ሆዳቸው የታሰረ አህዮች ናቸው። አንዲት አውሮፓዊት የቡድናችን ልጅ፣ አጥንቷ እስኪታይ ጀርባዋ የቆሰለ አህያ አይታ አለቀሰች፤ ከባለቤቱ ገዝታ ነጻ ልታወጣት ቦርሳዋን ከፈተች። ሐኪሙ ከለከላት። «በዚህ ገንዘብ ነገ ሌላ ይገዛል፤ እሷንም በዚያው ገመድ ያቆስላታል» አላት። ከዚያ አህያይቱን ትቶ ሰውየው አጠገብ ቁጭ አለ። ስለ ልጆቹ ጠየቀው። የቀን ገቢው ስንት እንደሆነ ጠየቀው። ቁስሉን ያነሳው ብዙ ቆይቶ ነው። ሰውየው አህያይቱ ካረፈች ቤቱ ውስጥ ምግብ እንደማይኖር ተናገረ፤ ውሸት አልነበረም። ቁስሉ እስኪያገግም የወንድሙን አህያ ተውሶ ግማሽ ጭነት ብቻ ሊሠራ ተስማሙ። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ከጆንያና ከገለባ መደላድል ተሰፋ፤ ቁስሉ የሚያርፍበት መሐሉ ባዶ የተተወ። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ ከባለቤቱ ጋር እንደዚያ ጊዜ ወስዶ የሚነጋገር ባለሙያ ብዙም አላየሁም። ሰውየው ሌላ ቀን የጎረቤቱን አህያ እየነዳ መጣ።

ይኼን ያረዘምኩት ማስታወቂያ ላይ ስለማይጻፍ ነው። ፎቶ ላይ የሚወጣው ልጅቷና አህያይቱ ናቸው። ባለቤቱን በሁሉ ፊት የምታሳፍሪው ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፤ እንስሳው እቤት ይሞታል። ላሙም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ይኼ አይለወጥም።

አዘጋጁን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። ጓንቱንና ፋሻውን የምንጠቀመው ከክሊኒኩ ከራሱ ክምችት ነበር፤ ከከፈልነው ውስጥ ለክሊኒኩ ስንት ደረሰ ብለን ስንጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠን የለም። ስለዚህ አንቺ ከመክፈልሽ በፊት 1,700 ዶላሩ በምን በምን እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ጠይቂ፤ ማደሪያ ስንት፣ ምግብ ስንት፣ ለክሊኒኩ ስንት። የክሊኒኩን ስምና እናንተ በሌላችሁበት ወር እንስሳቱን የሚያክመው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ስሙን ካልነገሩሽ መሐል ላይ የቆመ ደላላ ነው፤ እዚያ ብትታመሚ ወይም ብትነከሺ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አትላኪ። በጎ ፈቃድንም እንደ ሥራ የሚቆጥሩ አገሮች ስላሉ በምን ዓይነት ቪዛ እንደምትገቢ ከኤምባሲያቸው አረጋግጪ፤ «በቱሪስት ግቢ፣ ማንም አይጠይቅሽም» የሚል አዘጋጅ ለአንቺ አያስብም።

በእጄ ያሠሩኛል ወይ ላልሽው፣ ባያሠሩሽ ደስ ይበልሽ። ገና አልተመረቅሽም፤ ብትመረቂም በዚያ አገር የሥራ ፈቃድ የለሽም። እኔም ላሙ ላይ ሐኪሙ እጄን አይቶ እስኪያምነኝ ድረስ መርፌ አልያዝኩም። በገባሽበት ቀን ቢላ የሚያስጨብጥሽ ቦታ ውሻውን መለማመጃ አድርጎታል። ጠይቀሽ ሊፈቀድልሽ የሚችለውና በእውነት የምትማሪበት ማገገሚያ ክፍሉ ነው፦ ከማደንዘዣ እስኪነቃ ትንፋሹን መቁጠር፣ ሙቀቱን መለካት፣ ድዱ ቀለሙን ሲቀይር ማስተዋል። ክፍል ውስጥ ይኼን በደንብ አያስተምሩንም።

ክትባት ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከመነከስ በፊት የሚሰጠውን ክትባት በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይመክራል። ተከትበሽም ብትነከሺ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ተጨማሪ ክትባት መውሰድ አይቀርልሽም። መድኃኒቱ በየቦታው ስለማይገኝ ቀደም ብለሽ ፈልጊ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽንም አድሺ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመነሻው ዋዜማ አታቆዪው።

እናትሽን «አትፍሪ» እያልሽ አታሳምኛትም። የማደሪያውን አድራሻ፣ የአስተባባሪውን ስልክ፣ ክፍሉን ከማን ጋር እንደምትጋሪ፣ የመመለሻ ትኬቱን ቀን በወረቀት ጽፈሽ ስጫት፤ አስተባባሪውንም አንድ ጊዜ በቪዲዮ አገናኛት። የሚበላና የማይበላ ካለሽ፣ ጾምም ይሁን ሐላል፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔ ላሙ ላይ በዚህ አልተቸገርኩም፤ ቡድኑ ውስጥ የተቸገረ ግን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በገንዘቡ ምክንያት ይኼ ባይሳካ፣ በራችን ላይ ያለውንም ሥራ እዪው። ከምሥራቁ ቆላችን የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ፤ የተያዙትን ሀርጌሳ አካባቢ የሚያሳድገው ዋና መሥሪያ ቤቱ ናሚቢያ የሆነው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ነው። ለሁለት ሳምንት እንግዳ የሚሆን ቦታ አይደለም፤ ለተመረቀ የእንስሳት ሐኪም ግን ቀረብ ያለ ቦታ ነው። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ብትወርጂ ጀርባው የተላጠ አህያ አታጪም። መደላድሉ እንዴት እንደሚሰፋ አሳይሻለሁ።

አሁን ለአዘጋጁ ጻፊለት። ዝሆን ማጠቡን ከፕሮግራሙ አውጥተው የውሻውን ክሊኒክ ስምና የገንዘቡን ክፍፍል ከላኩልሽ ሐሳቤን እቀይራለሁ። «ቦታው ሊሞላ ነው፣ ዛሬ ክፈዪ» ካሉሽ ግን ሌላ ሰው ይሙላው። መልሳቸውን እዚሁ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።